በአንድ ዓመት ላይ ሌላ ዓመት

ኤሌክትሪሺያኑ የስፌት ቤቱን የመብራት መስመር ሊጠግን መጥቶ፣ ፖከር የሚባለው የካርድ ቁማር የእሁድ ከሰዓት ተጫዋች ሆኖ ቀረ። የቤቱ ባለቤት አንድ አባት ናቸው፤ ሴት ልጃቸውም እዚያው አብራቸው ትሰፋለች። የሚወራረዱት በሸሚዝ አዝራር ነበር። አባትየው አዝራር ጨምረው ውርርዱን ከፍ ባደረጉ ቁጥር ኤሌክትሪሺያኑ ካርዱን አስቀምጦ ከጨዋታው ይወጣል፤ መልሶ ከፍ ማድረግ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ካርዱንም ቢሆን ልብ ብሎ አያየውም፤ የሚያየው እሷን ነው። እሷም እንዳላየች ሆና አዝራሮቿን ትደረድራለች።

መምጣት በጀመረ በሰባተኛው ወር «ልጅዎን ይስጡኝ» አለ። አባትየው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «አንድ ዓመት ጠብቅ» አሉት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ።

 እሷ በሐሳብ ተውጣ የአንዱን ደንበኛ ሱሪ አንደኛውን እግር ብቻ አሳጠረችው። በሦስተኛው ሳምንት ትዕግሥቷ አልቆ ወደሚሠራበት ሕንፃ ሄደች። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መሰላል ላይ ቆሞ ሽቦ ሲስብ አገኘችው።

«ውረድ እስቲ። ምነው ጠፋህ?»

«አባትሽ እምቢ አሉኝ።»

«አንድ ዓመት ነው ያሉህ።»

«ጨዋታቸውን አውቀዋለሁ። ጋሼ ከፍ ካደረጉ ጥሩ ካርድ ይዘዋል ማለት ነው።»

ሳቋ አመለጣት፤ ዕንባዋም አብሮ። «አንተ ሞኝ፣ አባዬ እኮ ጥሩ ካርድ ሳይይዝ ነው ውርርዱን ከፍ የሚያደርገው። መልሶ ከፍ የሚያደርግበት ሰው ነው የሚፈልገው። ከአንተ በቀር ይህን የማያውቅ የለም።»

ከመሰላሉ ወረደ። «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ይሄን ሁሉ ደረጃ የወጣሁት ለምን ይመስልሃል?»

እሁድ መጣ። አባትየው ካርድ ሲያድሉ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

«አንድ ዓመት ብለውኝ ነበር፣ ጋሼ» አለ። «እኔ ሁለት እጠብቃለሁ። ሦስትም ይሁን። ግን እሁድ እሁድ እዚሁ ነኝ።»

አባትየው ካርዱን አስቀመጡ። «ያለችኝ እሷ ብቻ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «በአንድ ቃል የሚሄድ ሰው ነገ በአንድ ጠብ ይሄዳል ብዬ ፈርቼ ነው። በቃ፣ አሸንፈኸኛል። በሦስት ወር ይሁን።»

ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። እሷ አባቷን ዛሬም ታመሰግናለች። መጀመሪያ በጠየቃቸው ቀን ወዲያው «እሺ» ብለውት ቢሆን ኖሮ፣ ባሏ ስንት ዓመት ሊጠብቃት ቆርጦ እንደነበር ሳታውቅ ትኖር ነበር።