አሥራ አንዱ ነጫጭ ካርዶች

ደራሲው የተገደለው በገዛ ሽልማቱ ነው። አሥረኛው ቅጽ ሲወጣ አንባቢዎቹ አዋጥተው ያበረከቱለት፣ ቁመቱ አንድ ክንድ የሚሆን የናስ ግንብ ነበር። ገዳዩ በዚያ አምስት ጊዜ መትቶታል፤ የመጀመሪያው ብቻ ይበቃው ነበር። የራስ ቅሉ ከጆሮው በላይ ወደ ውስጥ ገብቷል። ደሙ ጠረጴዛውን አጥለቅልቆ፣ በጽሕፈት መኪናው ቁልፎች መካከል ረግቶ፣ ጣሪያው ላይ ሳይቀር ተፈናጥቋል። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ አየችና ጓንቷን ቀስ ብላ አጠለቀች። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ የሬሳ ዓይነት አይታለች፤ እንዲህ ያለ ንዴት ግን እምብዛም አልገጠማትም።

«የሚጠላው ሰው ነው» አለ ሳጅኑ ከኋላዋ።

«የሚጠላ ሰው መትቶ ይሮጣል። ይኼኛው አልቸኮለም። ምነው ዓይንህ ቀላ?»

ሳጅኑ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰውዬ ነው። አንገቱን አቀረቀረ። «‹የአመድ በሮች›ን አሥራ ሁለቱንም ቅጽ አንብቤያለሁ አለቃ። ግማሹን ሁለቴ።»

«እኔ አራተኛው ላይ ተውኩት። ወንዝ ለመሻገር ዘጠና ገጽ ሲፈጅባቸው፣ በቃኝ አልኩ።»

«ወንዙ እኮ ቆንጆ ነበር» አለ ቅር ብሎት። «ስሙ ይበዛል፤ እሺ። ያንዛዛል፤ እሺ። ግን ልጄ ሆስፒታል በተኛበት ወር ከእነሱ ጋር ነበር የማመሸው። ጓደኛ ይሄዳል፣ ጎረቤት ይቀየራል፤ እነሱ ቁጭ ብለው ይጠብቁሃል። አያልቅማ! ደግነቱ እሱ ነው።»

«ክፋቱም እሱ ነው» አለችና ወደ ጽሕፈት መኪናው ጎንበስ አለች። መኪናው ላይ አንድ ገጽ ተሰክቷል፤ ጥንቅቅ ብሎ የተጻፈ፣ ጽድት ያለ ነጭ ገጽ። አሥራ አንዱ ጀግኖች የመጨረሻውን በር ከፍተው ከጀርባው ሌላ ረጅም መንገድ አገኙ ይላል። ደራሲው የአሥራ ሦስተኛው ቅጽ ማብቂያ ላይ ነበር፤ በገጹ መሠረት ግን ገና ምኑም አላለቀም።

ስልኳ ጮኸ። አዛዡ ነው። «ሚስትየዋ እጅጌዋ ደም ነው አሉ። ትናንት ስትጮህበት ጎረቤት ሰምቷል፤ ሻንጣዋም በር ላይ ነው። ምን ትጠብቂያለሽ? ከሰዓት በፊት ይዘሻት ነይ» ብሎ ዘጋው። መርማሪዋ ስልኩን ኪሷ ከተተች። ሴትዮዋን አንዴ ካስገቧት ማንም ወደዚህ ክፍል ተመልሶ እንደማይመጣ ታውቃለች፤ ዕድሜ ልክ ነው የሚጠብቃት።

ሚስትየዋ ሳሎን ውስጥ፣ ደሙ የደረቀበትን እጅጌዋን ሳትጠቀልል ተቀምጣለች።

«ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው አነሳሁት» አለች ሳትጠየቅ። «እና ምን ላድርግ? እንደተደፋ ልተወው?»

«ትናንት ተጣልታችኋል።»

«ሃያ አንድ ዓመት ተጣልተናል። ስንጋባ ‹ሦስት ቅጽ ነው፤ ከዚያ እንደ ሰው እንኖራለን› አለኝ። ሦስቱ ስድስት ሆነ፣ ስድስቱ አሥራ ሁለት። ያኔ ሳቂታ ነበር የሚለኝ። ከጠራኝ ስንት ዘመኑ! ትናንት ቁርጡን ነገርኩት፤ ነገ ካላለቀ ብቻዬን እሄዳለሁ አልኩት። ዛሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክፍሉን ጠረግኩ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ደፋሁ፣ የአውቶቡስ ትኬት ልቆርጥ ወጣሁ። አራት ተኩል ስመለስ...»

«ስንት ትኬት ቆረጡ?»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን ጭብጥ አድርጋ ያዘች። «ሁለት» አለች።

ቀጥሎ አርታኢው ገባ፤ ወፍራም፣ መሐረቡ ከእጁ የማይለይ። «አራት ሰዓት ላይ መጥቼ ነበር። የጽሕፈት መኪናው ሲንጣጣ ሰማሁና ተመለስኩ። የዚህ ቤት ሕግ ነው፤ መኪናው እየጮኸ በር አይንኳኳም።»

«ደራሲውን አዩት?»

«ምን ማየት ያስፈልጋል? ሌላ ማን ይጽፋል?»

«መጽሐፉ ባያልቅ ደስ ይልዎት ነበር?»

«ኧረ ይለቅ! የስድብ ደብዳቤ አንብቤ አልቻልኩም። አራት ዓመት አስጠብቀን ስምንት መቶ ገጽ ሰጠናቸው፤ ጀግናው ገና ካረፈበት ቤት አልወጣም።»

የመጨረሻው መዝጋቢው ነው። ከሲታ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ በክር መቀስ ያንጠለጠለ ሰው። ከደራሲው ጋር የተዋወቁት በደብዳቤ ነው፤ በመጀመሪያው ቅጽ ውስጥ አንድ መቶ አሥራ አራት ስህተት ቆጥሮ ላከለት፣ ደራሲውም የመጽሐፉን ሰዎች እንዲመዘግብለት ቀጠረው።

«ይረሳል» አለ መዝጋቢው። «በሦስተኛው ቅጽ ግራ ዓይኑ የጠፋውን ሰው በስድስተኛው ቀኝ ዓይኑን ያጠፋዋል። አንዲት የሞተች በቅሎ ሦስት ጊዜ አስነሥቷል። እኔ ለእያንዳንዱ ሰው ካርድ አለኝ፤ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ። ያረመው ቀይ ብዕር ሁሉ የእኔ ነው።»

«መቀሱስ?»

«ሰው ሲሞት የካርዱን ማዕዘን እቆርጣለሁ። ከእኔ በቀር የካርዶቹን መሳቢያ የሚነካ የለም።»

«ዛሬ ስንት ሰዓት መጡ?»

«አምስት ሰዓት። ደርሼ ሳይ ሴትዮዋ እየጮኸች ነበር።» ከንፈሩን ጠመም አደረገ። «እንደዛተችው አደረገችው።»

መርማሪዋ ወደ ሥራ ክፍሉ ተመልሳ ረጃጅሞቹን የካርድ መሳቢያዎች አንድ በአንድ ሳበች። ካርዶቹ በዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆነዋል፤ አንዳንዶቹ በመዳበስ ብዛት ለስልሰዋል። በመካከላቸው ግን አዳዲስ ነጫጭ ካርዶች አሉ። ቆጠረቻቸው፤ አሥራ አንድ። ተንበርክካ የቆሻሻ ቅርጫቱን አየች። ከቅርጫቱ ግርጌ ያገኘችውን በመዳፏ ላይ ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የአሥራ ሦስተኛውን ቅጽ ረቂቅ፣ ሰባት መቶውን ገጽ፣ ታገላብጥ ጀመር። ቀይ ብዕር ያልነካው ገጽ የለም።

ሳጅኑ መኪናው ላይ የተሰካውን ገጽ አፉን እያንቀሳቀሰ ያነባል። «ድንቅ ነው አለቃ። አንካሳው በቀኝ እግሩ ነው የሚያነክሰው፤ ልክ። አንጥረኛው ግራኝ ነው፤ ልክ። በቅሎዋም ሞታ ቀርታለች።»

«አንድ ስህተት የለውም?»

«አንድም።»

«ሁሉንም ሳሎን ሰብስብልኝ» አለች መርማሪዋ።

ሦስቱ ተቀመጡ። ሳጅኑ ከመጽሐፍ መደርደሪያው አጠገብ ቆመ። መርማሪዋ አልተቀመጠችም።

«አርታኢው አራት ሰዓት ላይ መኪናው ሲጮህ ሰምተዋል። ስለዚህ ሁላችንም ደራሲው እስከ አራት ሰዓት በሕይወት ነበር አልን። ደሙ ጣሪያ ላይ ደርሷል፤ የመኪናው ቁልፎች ውስጥ ገብቷል። መኪናው ላይ የተሰካው ገጽ ግን አንዲት ነጠብጣብ የለበትም። ገጹ የተሰካው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። አራት ሰዓት ላይ ይጽፍ የነበረው ገዳዩ ነው።»

አርታኢው መሐረቡን አፉ ላይ ያዘ። «ከበሩ ማዶ ቆሜ...»

«አዎ። አሁን ገጹን እንይ። ደራሲው በሰባት መቶ ገጽ ውስጥ ሳይሳሳት የጻፈው አንድ ገጽ የለም። ይህ ግን እንከን የለውም። ባለቤቱ መጽሐፉን አያነቡም። አርታኢው ያለ መዝጋቢው ቀይ ብዕር ማን አንካሳ፣ ማን ግራኝ እንደሆነ አያውቁም። ከሦስታችሁ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው።»

መዝጋቢው ፈገግ አለ። «ጎበዝ ጸሐፊ ነህ ብሎ ማሰር ተጀመረ?»

መርማሪዋ መዳፏን ከፈተች። አሥራ አንድ ትናንሽ ቢጫ የካርድ ማዕዘኖች። «ቅርጫቱ ሁለት ተኩል ላይ ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ሰው ሞቷል። ገጹ ላይ ግን አሥራ አንዱም በሕይወት አሉ። ለምን? ሦስት ሰዓት ላይ ደራሲው ሌላ ገጽ ሰጠህ፤ እውነተኛውን መጨረሻ። እያነበብክ እንደ ልማድህ ማዕዘናቸውን ቆረጥክ። ‹አለቀ፤ ከሚስቴ ጋር እሄዳለሁ› አለህ። ግንቡን አነሳህ። ከዚያ አዲስ ገጽ ጽፈህ ሰዎችህን አስነሣሃቸው። እዚያ ላይ ብታቆም ኖሮ ሴትዮዋን ይዤ እሄድ ነበር። አንተ ግን በሕይወት ያሉ ሰዎች ካርዳቸው ተቆርጦ ሲቀር ማየት አልቻልክም። የተቆረጡትን አውጥተህ፣ ሬሳው አጠገብ ተቀምጠህ አሥራ አንድ አዲስ ካርድ ጻፍክ። ሰባተኛው ጀርባ ላይ ደም አለ። ልብስህን ቀይረህ አምስት ሰዓት ላይ መጣህ።»

መዝጋቢው መቀሱን በጣቱ ያሻሽ ጀመር።

«በአንድ ገጽ» አለ በቀስታ። «አሥራ አንዱንም በአንድ ገጽ። ከልጅነታቸው ነው የማውቃቸው። ሰው ሲሞት ቢያንስ አንድ ምዕራፍ ይገባዋል። ‹ደከመኝ› አለኝ። ሳቀ!» ወደ ሚስትየዋ ዞረ። «አንቺ ነሽ ያስገደልሻቸው» ብሎ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ መቀሱን ከክሩ በጥሶ ወደ ጉሮሮዋ ሰነዘረ።

መርማሪዋ እጇን መሃል አገባች። መቀሱ መዳፏን በስቶ በጀርባው ወጣ። መዝጋቢው ነቅሎ ሊደግም ሲል ሳጅኑ ከመደርደሪያው ሰባተኛውን ቅጽ መዥረጥ አድርጎ በሁለት እጁ መንጋጋው ላይ አሳረፈበት። ሰባተኛው ቅጽ ዘጠኝ መቶ አርባ ገጽ ነው። ሁለት ጥርስ ምንጣፉ ላይ ወደቀ፤ ሰውየውም ተከትሎ ወደቀ።

«ይኼን አንዛዛው ሲሉ ነበር» አለ ሳጅኑ እያለከለከ፣ ካቴናውን እያጠለቀለት።

መርማሪዋ የሚደማ እጇን በአርታኢው መሐረብ ጠቅልላ ተንበረከከች። «የደራሲውን ጽሑፍ ቀዶ አያውቅም፤ አላቃጠለውም። ደረት ኪሱን ፈትሽ።» ሳጅኑ አራት ቦታ የታጠፈ ገጽ አወጣ። ጠርዙ በደም ረጥቦ ደርቋል። አነበበው።

«የእሱ ነው አለቃ። አንካሳው በግራ ያነክሳል። በቅሎዋም ተነሥታለች።» ገጹን ለሚስትየዋ ሰጣት። «እርስዎ ያንብቡት።»

ሴትዮዋ በሕይወቷ ከዚያ መጽሐፍ አንድ ገጽ አንብባ አታውቅም። አሥራ አንዱ በሩ ሥር ይወድቃሉ። አንዲት ንግሥት ብቻ ትተርፋለች፤ በሩን ዘግታ፣ ቁልፉን ወንዝ ውስጥ ጥላ፣ ሳቂታ ወደ ቤቷ ገባች ይላል። ከሥሩ «ተፈጸመ»፤ ከዚያ በእርሳስ «ሻንጣሽን አንሺ፣ መጣሁ።»

ወረቀቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ አለቀሰች። ጨርሶት ነበር፤ ትኬት ልትቆርጥ በወጣችበት ሰዓት ጨርሶት ነበር።

መዝጋቢው ከወለሉ ላይ፣ ደም የሞላ አፉን ከፈተ። «ስሟ ስህተት ነው» አለ። «በአሥራ ሦስቱም ቅጽ ሳቂታ የምትባል ንግሥት የለችም። ካርድ የላትም።»

ሚስትየዋ እንባዋን በዚያው ደም በነካው እጅጌዋ ጠረገች።

«እኔ ነኝ» አለችው።