የሻካርሞ አምስተኛው ምሰሶ

አራቱ ምሰሶዎች እንደተጋደሙ ናቸው። አምስተኛው የለም።

ሻካርሞ የክት ቀሚሷን ሳትቀይር፣ ጣሪያ በሌለው ቤቷ መካከል ቆማ ፈዘዘች። መንደርተኛው በሙሉ ታች ሰፈር ሰርግ ላይ ውሎ ነበር። ሌባውም ይህን አውቋል።

የጠፋው ዋናው ነው፤ የፓሚር ተራራ ሰው በነቢዩ ስም የሚጠራው፣ ቀድሞ የሚቆመው። እሱ ከሌለ፣ ዓርብ ቤቱን ሊያቆም የሚሰበሰበው ሰው ሻይ ጠጥቶ ከመሄድ በቀር ሥራ የለውም።

ሻካርሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ በመንደሩ ጤና ኬላ ክትባት እየሰጠች ነው የምትኖረው። መሬቱን ሲመሯት ስንቱ ስቋል፤ የድንጋይ ክምር ነበርና። ድንጋዩን ለቅማ ግድግዳ አደረገችው። ዋናውን የጥድ ምሰሶም ራሷ ጠረበች። በላዩ የሚያርፈው አግዳሚ እንጨት ጠመም ያለ ስለነበር፣ በምሰሶው አናት ላይ መቀመጫውን ወደ ግራ አዘንብላ በመሮ ቦረቦረችለት።

የመንደሩ ፖሊስ ኢምዶድ መጣ። ገና ወጣት ነው።

"እትዬ ሻካርሞ፣ ማንን ይጠረጥራሉ?"

"ፖሊሱ አንተ ነህ። አንተ ጠርጥር።"

"እሺ፣ አይቆጡ።"

"አልተቆጣሁም። መርፌ ስወጋህ እንደምትጮኸው ጩኽና ሌባዬን አምጣልኝ።"

ምሰሶው የተጎተተበት ፈር እስከ መኪናው መንገድ ይሄዳል። እዚያ ላይ የጎማ ምልክት አለ።

መጀመሪያ የተጠራው እንጨት ነጋዴው አሊፍቤክ ነው። ባለ ጭነት መኪና ነው።

"የት ዋልክ?"

"ሙሽራዋን ያመጣኋት እኔ! መኪናዬ በአበባ አጊጣ፣ ሚዜው ሁሉ ተሳፍሮባት። ሙሽራዋ ጭን ላይ ምሰሶ ልጫን?"

እውነቱን ነው። ሻካርሞ ራሷ በእልልታ ተቀብላዋለች።

ቀጥሎ የባሏ ወንድም ሙሳሚር። ቦታውን ለልጁ ፈልጎ ነበር።

"ፈልጌያለሁ፤ አልክድም። ተሟግቼ ተረታሁ። ግን የሰርጉ ከበሮ መቺ እኔ ነበርኩ። ከበሮው እስኪመሽ አንዴ እንኳ ሲቆም ሰምታችኋል?"

አልሰሙም። ኢምዶድ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አንድ ትራክተር እያጓራ ሽቅብ ወጣ። በኋላው ተጎታች ላይ የሻካርሞ ታላቅ ወንድም ቃዳምሾ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። እግሩ ሥር ጥቁር ቡናማ ቀለም የተቀባ ምሰሶ ተጋድሟል።

"እህት ዓለም! ወንድም እያለሽ ምን ያስጨንቅሻል? ሸለቆውን ተሻግሬ ገዛሁልሽ። ነገ እኔው አቆምልሻለሁ!"

ጎረቤቱ ወጥቶ አጨበጨበ። "ወንድም እንዲህ ነው እንጂ!"

ሻካርሞ ከልቧ ደስ አላት። ወንድሟን አቅፋ ሳመችው። ከዚያ ምሰሶውን ትዳስስ ጀመር። እጇ አናቱ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

መቀመጫው ወደ ግራ አዘንብሏል።

"ጋሼ፣ ይህን ማን ቦረቦረው?"

"የሸጠልኝ አናጢ ነዋ።"

"የኔን አግዳሚ አይቶታል?"

"የት አባቱ ያየዋል? ማዶ ያለ ሰው!"

"ታዲያ መጣመሙን ማን ነገረው?"

ጭብጨባው ቆመ። ኢምዶድ ለሁለት ሰዎች ምልክት ሰጠ። አግዳሚውን አንስተው አናቱ ላይ ገጠሙት። ምንም ሳይወላገድ ገባ።

"ጋሽ ቃዳምሾ፣ ሆዴን አመመኝ ብለው ከሰርጉ ቀድመው የወጡት እርስዎ ነዎት፤ አይደል?" አለ ኢምዶድ።

ቃዳምሾ ከተጎታቹ ወረደ። ደረቱም አብሮ ወረደ።

"ወንድም እያላት ብቻዋን ድንጋይ ትሸከማለች ይሉኛል፤ በየደረስኩበት!" አለ። "አንድ ቀን 'ጋሼ፣ እርዳኝ' አላልሽኝም። ግንቡም ያንቺ፣ ጥርቡም ያንቺ። እኔ ምንሽ ነኝ? ምሰሶውን በዚሁ ትራክተር ወሰድኩት፤ ሲጠፋ ትጠሪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ። አልጠራሽኝም። በቃ፣ ቀለም ቀብቼ ይዤው መጣሁ።"

"ሳልጠራህ መጥተህ አንድ ድንጋይ ብታነሳስ ማን ይከለክልህ ነበር?"

ሻካርሞ ፊቷን ወደ ምሰሶው አዞረች።

"ልክሰሰው?" አለ ኢምዶድ።

"ነገ ይምጣ። ያደረገውን ሰው ፊት ራሱ ይናገር። ካልተናገረ ውሰደው።"

ዓርብ መንደሩ ግቢዋን ሞላው። ቃዳምሾ መሬት መሬት እያየ ሁሉንም ተናገረ። ማንም አልሳቀበትም፤ ማንም "አይዞህ" አላለውም። ከዚያ ካባውን አውልቆ ጥሎ የምሰሶውን ከባድ ጫፍ ትከሻው ላይ አደረገ። ገመዱን የያዘችው፣ "ግፉ! ቀስ! ወደኔ!" እያለች የምታዝዘው ሻካርሞ ነበረች።

ምሰሶው ቆመ። የመንደሩ ሽማግሌ መዳፋቸውን አሳርፈውበት፣ እንደ ወጉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁ።

"ይህን ቤት ያቆመው ማነው?"

እንዲህ ሲጠየቅ የሚመልሰው የቤተሰቡ ታላቅ ወንድ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ቃዳምሾ ዞረ። ላቡ በጉንጩ ይወርዳል።

"እህቴ ናት" አለ። ከዚያ ከኋላ የቆመው ሰው አልሰማ እንደሆነ ብሎ፣ ጮክ አድርጎ ደገመው። "ሻካርሞ ናት! የኔ እህት!"