የአጎት ካይፖ ክንፍ

አጎት ካይፖ ጎህ ሲቀድ በዋያናይ ባሕር ዳርቻ በደረቱ ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ከጆሮው በላይ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነበረበት፤ ማዕበል የሚጋልብበት ረጅሙ የሰርፍ ሰሌዳውም አጠገቡ ይዋልል ነበር። የዳርቻው ጠባቂ ማንም ሳያየው ሰሌዳውን በሸራ ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ቆለፈበት። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ረግቷል። ሰባ ዓመት የዋኘን ሰው እንዲህ ያለ ባሕር ገደለው ብሎ ማመን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሞኝነት ነው።

መርማሪ ቴሩኮ ታማሺሮ ሟቹ ሰሌዳ በሚሠራበት ክፍል፣ ጠረጴዛው አጠገብ ቁጭ ብላ ሙሱቢ የሚሉትን የሩዝ ጥቅል እያኘከች ሰዎቹን አንድ በአንድ አስጠራች።

የሟቹ ሴት ልጅ ሃውናኒ በአገሩ ወግ ታላቅን ሁሉ አጎትና አክስት ብላ ነው የምትጠራው፤ ገና ሳትጠየቅ፣ «የገደልኩት እኔ ነኝ፣ አክስቴ» አለች። «እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። ከሰሌዳው ሥር የሚቆመውን ክንፍ በብሎን የማስርለት እኔ ነኝ። ትናንት አመሻሽ ላይ ራሱ የቀረጸውን፣ አሠራሩን ለማንም የማያሳየውን ትልቁን የእንጨት ክንፍ አስሬለት ሄድኩ። ላልቶ ይሆናል የመታው።»

«ለምን አንዱን ብቻ?»

«ባሕሩን አየና ‹ነገ ይተኛል፣ አንዱ ይበቃኛል› አለኝ። ሁለቱን ትንንሽ የጎን ክንፎች የሚጨምረው ማዕበሉ ሲቆጣ ነው።»

ቀጥሎ የገባው ሽማግሌው ኢካይካ ነበር፤ ከሟቹ ጋር ሲነታረክ ያረጀ ጎረቤት።

«ትናንት ተሰዳድባችኋል አሉ።»

«መች ሳንሰዳደብ ውለን እናውቃለን! ስልኬ ለነገ ትልቅ ማዕበል ይተነብያል ስለው፣ ‹ስልክህ መቼ ዋኝቶ ያውቃል?› ብሎ ሳቀብኝ። እንግዲህ ከማን ጋር ልሰዳደብ?» አለና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

የመጨረሻው ዱዌይን ሜዴሮስ ነው፤ ከካይፖ ጋር ሃያ ዓመት ሰሌዳ የሠራ ሰው።

«ልጅቷን አታስጨንቂያት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሦስቱም ክንፎች ጥብቅ ብለው ነው የታሰሩት። ትልቅ ማዕበል ይመጣል ተብሎ አልነበር? ባሕር የራሱን ወሰደ፣ በቃ።»

«ልበ ደግ ነህ» አለችው ታማሺሮ፤ ጉርሻዋንም ዋጠች። እሱ እንደወጣ ፖሊሶቿን ወደ ዱዌይን ቤት ላከች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ብሎን አነሳች። ጭንቅላቱ ተፋፍቆ ጠፍቷል።

እኩለ ቀን ላይ ሦስቱንም ሰብስባ ሸራውን ገለጠች። በሰሌዳው ሥር ሦስት የፕላስቲክ ክንፎች ቆመዋል።

ሃውናኒ ጮኸች። «እኔ ያሰርኩት ይሄ አይደለም!»

«አይደለም» አለች ታማሺሮ። «አባትሽም አልቀየረውም፤ እጁ ብሎን አይዝም። ባሕሩን የሚያይ ሰው ደግሞ ለዛሬ ሦስት ክንፍ አያስርም። ያሰረው ትናንት ማታ ትንበያውን ያመነ ሰው ነው። አጎት ኢካይካም አምኖ ነበር፤ ግን ሰሌዳው ተሸፍኖ ሳለ ክንፎቹ ሦስት መሆናቸውን የነገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ታማሺሮ ወደ ዱዌይን ዞረች።

«ትናንት ማታ እዚህ የመጣኸው የእንጨቱን ክንፍ ቅርጽ ገልብጠህ የራሴ ነው ልትል ነበር። ፈትተህ እጅህ ላይ እንዳለ ካይፖ ደረሰብህ፤ በዚያው ክንፍ መታኸው። ደም የነካውን መመለስ አልቻልክም። ሰሌዳው ያለ ክንፍ ከተገኘ ደግሞ ካይፖ ማዕበል ሊጋልብ ወጥቶ ሞተ ብሎ የሚያምን የለም። ስለዚህ የራስህን ሦስት የፕላስቲክ ክንፎች አሰርክና ሰሌዳውንም ካይፖንም ባሕር ውስጥ ጣልካቸው። የእንጨቱን ግን መጣል አላስቻለህም። ፖሊሶቼ ግድግዳህ ላይ ከተሰቀሉት ክንፎች መሃል አገኙት።»

«ሃያ ዓመት!» አለ ዱዌይን። «ሃያ ዓመት አብሬው ስሠራ አንዴ እንኳ አሳየኝ?»

ኢካይካ ምራቁን መሬት ላይ ተፋ። ከሩቅ ባሕሩ ማጉረምረም ጀመረ፤ የተተነበየው ማዕበል ዘግይቶ መድረሱ ነው።

ዱዌይንን ከወሰዱት በኋላ ሃውናኒ የመርማሪዋን ክንድ ያዘች። «እና የእኔ ብሎን አልላላም ነበር?»

«አልላላም፣ ልጄ። በደንብ ነው ያሰርሽው።»

ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ያፈነችውን ለቅሶ ለቀቀችው። ታማሺሮ በኪሷ ያለውን የተፋፋቀ ብሎን ጨበጠች። ዱዌይን እሱን ለመፍታት ብዙ ታግሏል፤ ቶሎ ተፈትቶለት ቢሆን ኖሮ ሽማግሌው ሳይደርስበት ወጥቶ ይሄድ ነበር። ይህን ግን ለሃውናኒ አልነገረቻትም።