የወጌሻው ምራት

ወገቡን የታመመ ሰው ብረት ሲያነሣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በጎንደር የማራኪ ሰፈር ሰው አይቶ አያውቅም ነበርና ዓይናዲስ ጂም ገባች ሲባል ሳቀባት። እናቷ ወይዘሮ አልማዝ ግን አልሳቁም፤ ተቆጡ። ጤነኛው እንኳ በብረት ወገቡን ይቆርጣል፣ አንቺ ደግሞ ታመሽ ምን ቤት ነሽ አሉ። ዓይናዲስ በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ የምትሠራ ቁም ነገረኛ ልጅ ናት። ሳታስብ ዘላ ነገር ውስጥ የምትገባ አይደለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወገቧ አጥንቶች አንዱ ከሥሩ ባለው ላይ ወደ ፊት ተንሸራትቷል። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ አድርጎ አሳያት። ቀዶ ጥገናውን ለጊዜው እንተወው፣ የጀርባሽና የሆድሽ ጡንቻ ይጠንክርና አጥንቱን ደግፎ ይያዘው፣ ቀስ እያልሽ ክብደት ማንሣት ልመጂ አላት። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ማንም ሰው ወገብሽን እንዳያሽሽ፣ እንዳይጫንሽ አለ። እግርሽ መደንዘዝ ከጀመረ ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትዪ ነይ፤ የዘገየ ሰው በእግሩ ላይሄድ ይችላል። ዓይናዲስ ያን ለት ከሐኪም ቤት እስከ ማራኪ በእግሯ ሄደች። መራመድ የሚቀርባት ቀን የደረሰ መስሏት ነበር።

መጀመሪያ የሄደችበት ጂም ባለቤት ገና ስለ ወገቧ ስትነግረው፣ እኛ ጣጣ አንፈልግም ብሎ መለሳት። ደረጃውን ስትወርድ ሕመሙ ከወገቧ ተነሥቶ እግሯ ድረስ ወረደባትና ግድግዳውን ይዛ ቆመች። አንድ ትከሻው ሰፊ ወጣት ከታች እየወጣ ነበር። እንደ ሌላው ሰው ሮጦ አልደገፋትም። ከሥሯ ቆሞ ጠበቃት።

«ስትጨርሺ እንወርዳለን፤» አላት።

«ምኑን ስጨርስ?»

«ሕመሙን። እሱ ሲይዝ አይቸኮልም።»

ባምላክ ይህ ነው። ከመንገዱ ማዶ ባለች ጠባብ አዳራሽ ሰው ያሠለጥናል። በማግሥቱ ሄደችና የሐኪሙን ቃል አንድ በአንድ ነገረችው፤ እሱም ሳያቋርጥ ሰማት። ብረት ግን አላስነካትም። ግማሽ ውኃ የያዘ ቢጫ ጀሪካን ከፊቷ አስቀመጠና፣ ከዳሌሽ ጎንበስ በይ እንጂ ከወገብሽ አትታጠፊ አላት። የመጥረጊያ እንጨት በጀርባዋ ላይ በቁመቱ አስያዛት። እንጨቱ ከራሷና ከመቀመጫዋ ከለቀቀ፣ ወገብሽ ተጣሟል ማለት ነው ይላታል። አሞኛል ካለች ወዲያው ያስቆማል። አላመመኝም ብላ ስትዋሽም ፊቷን አይቶ ያስቆማል።

ጀሪካኑ ሞላ። ከዚያ ባዶው ብረት መጣ፤ ከዚያ በጎንና በጎኑ ትንንሽ ክብደት። ክረምቱ ሲያልፍ ዓይናዲስ ጫማዋን ራሷ ማሠር ጀመረች። እንቅልፏም ተመለሰላት። ጧት ከአልጋዋ ስትነሣ መጀመሪያ ትዝ የሚላት ሕመሟ ሳይሆን ባምላክ ሆነ፤ ይህንንስ ለማን ይነግሩታል?

አንድ ነገር ግን ይከነክናት ነበር። ባምላክ የሌላውን ሰው ትከሻም ጀርባም በእጁ ይዞ ያስተካክላል። እሷን ነክቷት አያውቅም። መጀመሪያ ጨዋነት ነው አለች። ኋላ ላይ አላስችል ሲላት ጠየቀችው።

«የምትጸየፈኝ ነገር አለ?»

ክብደቶቹን ወደ ቦታቸው ሲመልስ ቆየ።

«እጄን አላምነውም፤» አላት።

ሌላ ሰው ቢላት ትስቅ ነበር። ዓይኑን ስታይ ግን ሳቋ እዚያው ቀረ። አንድ የፈራው ነገር እንዳለ ገባት፤ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ግን አልደፈረችም።

ፍቅራቸው በመንገድ ላይ ያደገ ነው። ከልምምድ በኋላ ሻይ ጠጥተው ወደ ቤቷ ይሸኛታል፤ ረጅም እግሩን አሳጥሮ በእሷ እርምጃ ይሄዳል። አግቢኝ ያላትም እንዲሁ እየሄዱ ነው።

«የታመመ ወገብ ታገባለህ?»

«እኔ የማገባው ሰው ነው። ወገቡ አብሮ ይመጣል።»

ስታለቅስ ዞር ብሎ ቆመላት።

አባቱ አያ ዳኛው በጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ከፍ ብላ ባለች መንደር፣ የታወቁ ወጌሻ ናቸው። የወለቀ ትከሻና የተሰበረ ክንድ የሚጠገነው እሳቸው ዘንድ ነው። እናቱ እማማ ይርገዱ ወድቀው እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው ዘመን አልፎታል። ባምላክ ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ይህንን ብቻ ይናገርና ወሬ ይለውጣል።

ሽማግሌ ለመላክ የአባት ፈቃድ ያሻል። ባምላክ ሲደውል አያ ዳኛው የልጅቱን ወገብ ነገር ከዘመድ ሰምተው ጠበቁት። ምነው ልጄ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ምራቴ በጎንደር ብረት ስትገፋ ትኖራለች? አምጣት፤ አሽቼ አቃናትና ሽማግሌውን በማግሥቱ እልካለሁ አሉት። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ከመሄዱ እንቅር አላት። እሷ ደግሞ ሳያዩኝ እንዴት ምራት እሆናለሁ፣ ሄደን እናስረዳቸዋለን አለች። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይሄኔ ነበር፤ ግን የሚያፈቅር ሰው መቼ ይሰማል።

ከደባርቅ በኋላ መንገዱ ተበላሸ። ጉሙ ገደሉን ሸፍኖት አውቶቡሱ እየዳበሰ ይሄዳል፤ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ወገቧን በመዶሻ የሚሏት ይመስላታል። መካነ ብርሃን ሊደርሱ ሲሉ እጁን ያዘችው።

«ባምላክ፣ ግራ እግሬ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ።»

ሲወርዱ የሚመለስ ማኪና ቢፈልግ፣ ከነገ በፊት የለም አሉት። እሷም ድካም ይሆናል፣ አባትህ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁን ፊት ማዞር ነውር ነው አለች። ልቧ ግን የሐኪሙን ቃል እየደጋገመ ይነግራት ነበር።

አያ ዳኛው በእርግጥም በር ላይ ነበሩ። ሸጋ ሽማግሌ ናቸው፤ ግንባሯን ስመው፣ ልጄ መጣች ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እማማ ይርገዱ ከመደቡ አልተነሡም። ጋቢያቸው እግራቸውን ሸፍኖታል። የዓይናዲስን እጅ ያዙና ሳይለቁ ቆዩ።

«ግራ እግርሽን ትሸሺያለሽ፤» አሉ አያ ዳኛው ስትራመድ አይተው። «አጥንቱ ከቦታው ወጥቷል። ጧት እመልሰዋለሁ።»

ትክክል መናገራቸው ይበልጥ አስፈራት። ባምላክ «አባቴ፣ ሐኪሙ አይነካ ብሏል» አለ። አባትየው ሳቁና፣ ሐኪም አጥንት በፎቶ ነው የሚያውቀው አሉ። ጎረቤቶች ነበሩ፤ እነሱም ሳቁ። ባምላክ ከዚያ በኋላ ቃል አልተነፈሰም። ዓይናዲስም ሁሉም ወደ እሷ ሲዞሩ «እሺ አባባ» አለች። ይሉኝታ የምንለው መዘዝ ከአፏ ያወጣው ቃል ነው። ሌሊቱን የእግር ጣቶቿን እያንቀሳቀሰች አነጋች።

ጧት ቁርበት ተነጠፈ። ቅቤው እሳት ዳር ቀለጠ። አንድ ጎረቤት ትከሻዋን ሊይዝ ከራስጌ ተንበረከከ። አያ ዳኛው ልጃቸውን ጠሩትና እግሯን ያዝ አሉት። እሷ በሆዷ ተኝታ አንገቷን ዘወር አድርጋ አየችው። ባምላክ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አይወጣም። እኔስ ምነው አልናገር አለች በሆዷ። ተነሥቼ አልፈልግም ብል ምን ይመጣል? እንግዳ ናት፣ ምራት ልትሆን ነው፣ ሽማግሌው አባቷን ያህላሉ። ፊቷን ወደ ቁርበቱ መለሰች። ሞቅ ያለ ቅቤ የተቀባ እጅ ወገቧ ላይ አረፈ፤ አውራ ጣታቸው የተንሸራተተውን አጥንት ፈልጎ አገኘው።

«የባምላክ አባት፣ እጅህን አንሣ።»

ከመደቡ ነው የተነገረው። ድምፁ ከፍ አላለም። ሁሉም ወደ እማማ ይርገዱ ዞረ።

«ምን አልሽ?»

«አንሣ አልሁህ። እኔን የጣለኝ ውድቀቱ አይደለም። ወድቄ ወገቤን እያመመኝ በእግሬ ነው ቤት የገባሁት። አንተ ካሸኸኝ ወዲህ ነው እግሬ የከዳኝ።»

አያ ዳኛው እጃቸው በአየር ላይ ቀረ።

«ውድቀቱ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«ስታለቅስ አየሁህ። ሆዴ አልችል አለ።»

ጎረቤትየው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ሽማግሌው ልጃቸውን አዩት።

«አንተም ታውቅ ነበር?»

«የእናቴን እግር የያዝሁት እኔ ነበርሁ፣ አባቴ። እጄ ላይ ሲዝል ተሰምቶኛል።»

ዓይናዲስ ባምላክ እጁን የማያምንበትን ምክንያት ያኔ አወቀችው። በጎኗ ተገልብጣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አያ ዳኛው ቅቤውን ከእጃቸው ሳይጠርጉ ቁርበቱ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቁጣ ይመጣል ብላ ጠበቀች። የመጣው ሌላ ነው።

«ምነው ታዲያ አልነገራችሁኝ?» አሉ። «ከዚያ ወዲህ የስንቱን ወገብ ነካሁ?»

እናትና ልጅ እስከ ዛሬ ዝም ያሉት ለእሳቸው አዝነው ነበር፤ ሁለቱም ከልባቸው ይወዷቸዋል። አያ ዳኛው ዱላቸውን አንሥተው ተነሡ። ልጅቱን ይዘህ ዛሬውኑ ወደ ሐኪሟ ሂድ፣ እኔ በላቸው ዘንድ ደርሼ እመጣለሁ አሉና ወጡ። በላቸው የላይኛው መንደር ሰው ነው። ወገቤን ብሎ እሳቸው ዘንድ መጥቶ ነበር፤ አሁን ከአልጋ አይወርድም። አምላክ ቀጣኝ እያለ ነው የሚኖረው።

ባምላክ ማኪና ፍለጋ ሮጠ። እማማ ይርገዱ የዓይናዲስን ግራ እግር ጭናቸው ላይ አድርገው ጣቶቿን አንድ በአንድ ይጫኑ ጀመር። ይሰማሻል? ይሏታል። ይሰማኛል ትላለች። ትንሿ ጣት ላይ ሲደርሱ፣ ሰው ላለማስደንገጥ ደኅና ነኝ ልትል አፏን ከፈተች።

«ይቺ አትሰማኝም፣ እማማ፤» አለች።

«ተናገሪ፣ ልጄ። እኔ ያልተናገርሁትን ሁሉ ተናገሪ።»

የተገኘው ፒካፕ ነበር። የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጠው፣ ጋቢ አጥፈው ከወገቧ ሥር አደረጉላት፤ ባምላክ ከኋላዋ ተቀመጠ። ሾፌሩ ቀስ እንዲል ለመኑት። ብዙ መንገድ ሳይሄዱ ጠየቀችው።

«እናትህ ባይናገሩ ኖሮ ትናገር ነበር?»

አዎ ቢላት ደስ ባላት። ቢላት ግን አታምነውም ነበር።

«አላውቅም፤» አለ።

አዘነች፤ ደግሞም ተናደደች። ከዚያ ራሷንም አሰበች። ማንም አላስገደዳትም፤ እሷም የሐኪሟን ቃል እያወቀች ቁርበቱ ላይ ተኝታለች።

«እግሬ ባይመለስስ?»

«አብሬሽ ነኝ። ከዛሬ በኋላ ደግሞ ዝም አልልም።»

«ዝም ካልህ ትቼህ እሄዳለሁ። በእግሬም ባይሆን እሄዳለሁ።»

«እሺ።»

እጇን ወደ ኋላ ሰደደችለት፤ ያዘው። ጎንደር ሩቅ ነው፤ ጣቷም አልተመለሰችላትም። ማኪናው ጠመዝማዛውን ሲዞር የላይኛው መንደር ታየ። አያ ዳኛው ከበላቸው ደጅ ደርሰዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። በሩ ክፍት ነው፤ እሳቸው ግን ገና አልገቡም።