አንዴ ሲከፈት የሚጠፋው ቪዲዮ

በ2009 ክረምት ስታቭ በሽኩና ቫቭ ሰፈር ከእናቷ ሕንፃ ሥር ሞታ ተገኘች። ከጣሪያ ነው የወደቀችው። መጀመሪያ የመጣው ፖሊስ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና «ራሷን ጣለች» አለ። የእኛ የሐበሾች ልጅ ስትሆን ነገሩ እንዴት ቶሎ ይገባቸዋል!

እናቷ እማማ ይታይሽ ግን ሞቼ እገኛለሁ አሉ። ማን እንደገደላት ሳይነገራቸው ሐዘን አልቀመጥም ብለው ጣቢያው በር ላይ ሲያስቸግሩ፣ መርማሪ ሙሉእመቤት ተላከችላቸው፤ እውነቱን እነግርዎታለሁ ስትላቸው ነው ሐዘን የተቀመጡት። እሳት የላሰች ሴት ናት፤ ብዙ አታወራም፣ የሰማችው ግን አያመልጣትም።

ስታቭ ነርስ ነበረች፤ አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንቶችን በየቤታቸው እየዞረች ታክማለች። እጮኛዋ ጋይ ኮምፒውተር ይማራል። ሰሞኑን ተጣልተው ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ ጣቱን የቀሰረው እሱ ላይ ነው። ጋይ ለሙሉእመቤት እያለቀሰ እንደነገራት ከሆነ፣ ስታቭ ከምታክማቸው አዛውንቶች አንዱ በሆኑት በአባባ ታፈረ ቤት የሆነ ነገር በስልኳ ቀርፃለች። ምን እንደሆነ ለእሱም አልነገረችውም፤ የተጣሉትም በዚሁ ነው። የሽማግሌው ገመና ከእጅ ወደ እጅ እንዳይዞር ብላ፣ አንዴ ሲከፈት ፋይሉን ራሱ የሚያጠፋ ድረ ገጽ ላይ ጭናው ከስልኳ ሰረዘችው። ማየት የነበረባት ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ኦስናት ነበረች፤ እሷ ደግሞ ያኔ ገና ከዕረፍት አልተመለሰችም ነበር።

«ሊንኩንስ የት አስቀመጠችው?»

«ማንም የማይፈልግበት ቦታ ብላኛለች።»

ቦታው የእናቷ ስልክ ነበር። ማንበብ የማይችሉ ሴት ስልክ ማን ይፈትሻል? ልጅት ይህን አሰበች፣ አንዱን ግን ረሳች። እማማ ይታይሽ በዕብራይስጥ የመጣ ነገር ሁሉ፣ የክሊኒክ ቀጠሮም ቢሆን፣ እንደ ሕንፃው ሰው ሁሉ ደሞዝ የሚባለውን ሰው ነው የሚያስነብቡት። ልጃቸው «የላክሁልሽ መልእክት እንዳይጠፋ» ስላለቻቸው ነገሩ ከበዳቸውና ወስደው አሳዩት። ማስታወቂያ ነው፣ ያጥፉት አላቸው። እሳቸው ግን አላጠፉትም። ሙሉእመቤት አድራሻውን ኮምፒውተር ላይ ስትጽፈው ፋይሉ አንዴ ተከፍቶ መሰረዙን አነበበች። የተከፈተውም ስታቭ ከመሞቷ በፊት ነው።

ደሞዝ የአባባ ታፈረ ሜታፔል ነው፤ የሚያጥባቸው፣ የሚያለብሳቸው፣ የሚያጎርሳቸው እሱ ነው። ሙሉእመቤት ያገኘችው ሐዘን ቤት ወንበር ሲደረድር ነበር። ስታቭ እዚያ ቤት አንድ ነገር ቀርፃ እንደነበር ብቻ ነገረችው። ደሞዝ ራሱን ነቀነቀ።

«ነውር አይደለም? ገላውን የሚታጠብ ሽማግሌ ይቀረፃል?»

ሙሉእመቤት ከሐዘን ቤቱ ወጣች። አባባ ታፈረ ቤት ሄዳ አስፈቅዳ ልብሳቸውን ገለጠች። ጀርባቸው በፈላ ውሃ ተልጧል። ማን እንዲህ እንዳደረጋቸው ስትጠይቃቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ሌላ የሚያጥበኝ ማን አለኝ ልጄ?»

በሺቭዓው ማብቂያ፣ ሰባቱ የሐዘን ቀን ሲያልቅ፣ ሙሉእመቤት ጋይን፣ ኦስናትንና ደሞዝን እማማ ይታይሽ ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ኦስናት ሊንኩ አልደረሳትም» አለች። «ጋይ ቪዲዮው ሲከፈት እንደሚጠፋ ያውቃል። የጠፋን ነገር ለማስጠፋት ማን ሰው ይገድላል? ገዳዩ ይህን የማያውቅ ሰው ነው። ከፈተው፣ ራሱን አየ፣ ቪዲዮው አሁንም ያለ መሰለው። ስታቭን ጣሪያ ላይ ወስዶ አጥፊው አላት፤ ከዚያ ገፍትሮ ጣላት። መልእክቱ ያለበትን ስልክ የያዙት ደግሞ እማማና አንተ ብቻ ናችሁ፣ ደሞዝ። አባባ ታፈረ ሲታጠቡ እንደተቀረፁ እኔም አላውቅም ነበር። የነገርከኝ አንተ ነህ።»

ደሞዝ ብዙ አልተከራከረም። «ነግራኝ ነበር» አለ ወለሉን እያየ። «‹እናቴ ትሙት፣ ስትከፍተው ጠፍቷል› አለችኝ። አላመንኳትም።»

ጋይ ሊዘልበት ሲል ኦስናት ያዘችው። እማማ ይታይሽ ግን ደሞዝን አላዩትም። ዓይናቸው መርማሪዋ ላይ ነው።

«ስልኩን ባላስነብበው ኖሮ ልጄ ዛሬ ትኖር ነበር ማለት ነው?»

ኦስናት ለመርማሪዋ «አይደለም» በያቸው የሚል ምልክት ሰጠቻት። ሙሉእመቤት አይታታለች። ሴትዮዋ ግን ሰባት ቀን ሙሉ እውነቱን ብቻ ነበር የለመኗት።

«አዎ፣ እማማ» አለቻቸውና ደሞዝን ይዛ ወጣች።