ሳይቀመስ የቀረበ ምስር

ፀደንያ እናቷ በሞተችበት ክረምት አላለቀሰችም። ለቀስተኛው ደረቱን ሲደቃ እሷ ጥግ ይዛ የሚገባና የሚወጣውን የሰው እግር ታዳምጥ ነበር። ከዚያ በኋላም እንዲሁ ሆነች። ይመሻል፣ ይነጋል፤ ሰው ሲያናግራት ትመልሳለች።

አንድ ቀን ሽሮ ስታማስል የእጇ አንጓ ምድጃው ላይ አርፎ ኖሮ፣ የተቃጠለ ቆዳ እስኪሸታት ድረስ አላወቀችም። ዓይኖቿ ከልጅነቷ ጀምሮ አያዩም፤ እስከዚያ ቀን ግን እሳት ነክቷት አያውቅም። ወንድሟ ምስጋናው ቁስሉን ዳብሶ «ከእንግዲህ እሳት አጠገብ እንዳትደርሺ» አላት። ክፋት አልነበረበትም። እናቱን ቀብሮ ሳይውል ሳያድር እህቱን መቅበር ፈርቶ ነው።

ማድ ቤቱ የምስጋናው ሚስት የሽታዬ ብቻ ሆነ። ፀደንያ ደብረ ማርቆስ ባለው በዚያ ቤት ቀኑን ሙሉ አልጋዋ ላይ ሆና ስልኳን ታዳምጣለች። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ አንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አስገብታታለች፤ በየቤታቸው የሚያበስሉ ዓይነ ስውራን በድምፅ ሙያ የሚለዋወጡበት ነው።

«ሽንኩርት ራሱ ይነግራችኋል» ይላል አንድ ወንድ። «መጀመሪያ ይንጫጫል። ውኃው ሲያልቅ ድምፁ ይቀጥናል፤ ያኔ ዘይት ጨምሩ። ጭራሽ ዝም ካለ ግን አትድከሙ፣ አሯል።»

«አንተ የሺዋስ» አሉ ከአምበር ከተማ የሚሳተፉት እትዬ ወለተ ሐዋርያት፣ «ከሽንኩርት ጋር እንዲህ ካወራህ ሚስት ምን ታደርግልሃለች?»

«ሽንኩርት መልስ አይሰጥም እትዬ። ለዚያ ነው የተስማማነው።»

ፀደንያ አልሳቀችም። ግን ድምፁን መልሳ ከፈተችው።

የሺዋስ ይጁቤ ውስጥ የአማርኛ መምህር ነው። ልጅ ሳለ ዲማ ገዳም ገብቶ ቅኔ ተምሯል፤ ዓይኑን በኩፍኝ ያጣው ከዚያ በፊት ነው። ብቻውን ይኖራል፣ ብቻውን ያበስላል።

ሳምንታት ዝም ብላ ከሰነበተች በኋላ ፀደንያ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «በጾም ቀን ሳትቀምሱ የወጥ ጨው እንዴት ትለካላችሁ? ለእኔ እናቴ ነበረች የምትጨምርልኝ።»

«መዳፍሽን ጎድጎድ አድርጊ» አላት የሺዋስ። «ጾም ባልሆነ ቀን እየቀመስሽ ለአንድ ድስት የሚበቃውን ልመጂ። ኋላ እጅሽ ያውቀዋል። የእኔን ልክ አልነግርሽም፤ የእኔ መዳፍ ካንቺ ይሰፋል።»

«የመዳፏን ስፋት በምን አወቅህ?» አሉ እትዬ ወለተ ሐዋርያት። ቡድኑ በሳቅ ተሞላ።

ከዚያ ለብቻ መደዋወል ጀመሩ። ምስጋናው ሥራ ሲሄድ ፀደንያ ማድ ቤት ትገባለች፤ ሽታዬ አይታ ታልፋለች። የሺዋስ በስልኩ የድስቷን ድምፅ ያዳምጣል። «አሁን አውርጂው» ይላታል። ምንም የማይባባሉበት ቀንም አለ፤ በሁለቱም በኩል ድስት ሲንተከተክ ብቻ ይሰማል።

«ላግባሽ?» አላት አንድ ቀን፣ ምስር እያጠበ።

«ምንም አይሰማኝም» አለችው። «ደስታም፣ ኀዘንም። ልዋሽህ አልፈልግም።»

«ይሰማሻል ወይ አላልኩም። ትመጫለሽ ወይ ነው ያልኩት።»

«ወንድሜን አስጠይቀው።»

ምስጋናው ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ሁለታችሁም አታዩም። እሳት ቢነሳ ማን ማንን ያወጣል?» ሽታዬ ለመነችው። በመጨረሻ «እንግዲያው ሽማግሌ ሲመጣ ወጡን እሷ ትሥራ» አለ። «ማንም ሳያግዛት። ካቃታት ነገሩ እዚያው ይቅር።»

የሺዋስ የላካቸው ሽማግሌ የዲማ መምህሩ መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። እሱን ራሱን ይዘውት መጡ። «ልማዱ አይደለም» አሉ ሲገቡ፣ «ግን እኔ አርጅቻለሁ፣ እሱ አያይም። ተደጋግፈን ደረስን።»

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ቤት ስለሆነ ምላሱን ያረጠበ የለም። ፀደንያ ምስሩን ሠራች፤ ጨዉን በመዳፏ ለክታ ጨመረች። ከዚያ እንጀራ ልታወጣ ጓዳ ገባች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማዕድ ቀረበ፣ ተባረከ። አንድ ሁለት ጉርሻ እንደተበላ ወሬ ቆመ። መሪጌታ ውኃ ጠጡ። ደግመው ጠጡ።

«ፀደንያ» አለ የሺዋስ፣ «ጨው በዝቷል።»

የምስጋናው እጅ መሶቡ ላይ ቀረ። «ፈርቼ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«የጨመርኩት በልኩ ነው» አለች ፀደንያ።

ሽታዬ ነጠላዋን እየጠመዘዘች ቆየች። «እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ጓዳ ስትገባ ጨመርኩበት። የረሳችው መሰለኝ። ሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው፤ እኔም ጾሜን ነኝ፣ መቅመስ አልቻልኩም።»

«አንድ ድስት ሁለት ባለቤት ሲኖረው እንዲህ ነው» አሉ መሪጌታ። ተቆጥተው አልነበረም።

ምስጋናው ሚስቱን አየ፤ ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። «ትወጂዋለሽ?»

የሺዋስ የያዘውን ጉርሻ ሳይጎርስ ጠበቀ።

«አላውቅም» አለች ፀደንያ። «እማዬ ከሞተች ጀምሮ ሁሉም ሰው እንደ ታማሚ ነው የሚያናግረኝ። ያቀረብኩትን ሁሉ 'ይጣፍጣል' ትሉኝ ነበር። እሱ ጨው በዝቷል አለኝ። ከእሱ ጋር መኖር እችላለሁ። እሄዳለሁ።»

የሺዋስ ጉርሻውን ጎረሰ፣ አኝኮም ዋጠው።

«እንጀራ ጨምሪልኝ» አላት። «ያለ ወጥ ባዶውን ብበላው ይሻላል።»

መሪጌታ ሳቁ። ፀደንያ ተነሥታ ግድግዳውን በእጇ እየነካች ወደ ጓዳ አቀናች። በሩ ላይ የሽታዬ በርጩማ ተቀምጦ ነበር። ምስጋናው አየውና ብድግ አለ። እሷ በእግሯ ጫፍ በርጩማውን አገኘችው፣ ገፋችው፣ ገባች።

ምስጋናው ጥቂት ቆሞ ተመልሶ ተቀመጠ።