ከዓብዲ ፊት ያለው ካርድ

«እህቴ፣ ዛሬም የለሁም?»

የኔነሽ ቀና አለች። መስኮቱ ላይ እጁ በግራሶ የጠቆረው መካኒክ፣ በዛብህ፣ ቆሟል። ለሦስተኛ ወር ከስኳር ራሽን ዝርዝሩ ላይ ስሙ ቀርቷል።

«እዚህ ቆመህ የለህም ልበልህ?»

«አቦ፣ እኔማ አለሁ። ለማሽንሽ ንገሪው።»

ሳቋን ልትደብቅ አንገቷን ደፋች።

የሳሙና ፋብሪካውን ሠራተኞች ስምና መለያ ቁጥር በካርድ ላይ የምትበሳው እሷ ናት፤ ማሽኑ ካርዱን አንብቦ ዝርዝር ያትማል። ሳምንት ሙሉ ካርድ ከካርድ ስታስተያይ ሰነበተች። በመጨረሻ በበዛብህ መለያ መካከል አንዲት እዝባር አገኘች፤ ጸሐፊው ከሌላ ሠራተኛ ቁጥር ለመለየት የጨመራት ዘመም ያለች ጭረት። ለማሽኑ ግን እዝባር የራሱ ትእዛዝ ነው፤ ያየበትን ካርድ ይዘላል። በእዝባሯ ፈንታ ዜሮ አድርጋ አዲስ ካርድ በሳች። የድሮውን መሳቢያዋ ውስጥ ተወችው።

ስሙ ወጣ። በማግስቱ ከቀፊራ ገበያ ዘይቱን ይዞላት መጣ።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ መልስ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር አብረው ይሄዱ ነበር። ብዙ አያወሩም። ለዳግማይ ትንሣኤ ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ።

በመጋቢት ለብሔራዊ ውትድርና ከመካኒኮቹ አንድ ሰው ተጠየቀ። ከሠላሳ ዓመት በታች ሆኖ ዝርዝሩ ላይ ቀድሞ የወጣው ይሄዳል። የመጀመሪያው በዛብህ ነው። ቀጥሎ ዓብዲ፣ የሁለት ልጆች አባት።

የድሮውን ካርድ ይዛ ጋራዡ ድረስ ሄደች።

«በዚህ ብተካው ማሽኑ ይዘልሃል።»

እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ከዚያ ማን ይወጣል?»

ዘወር ብላ አየች። ዓብዲ ከወዲያ አጎንብሶ ብሎን ይፈታል።

«ዝርዝሩ ላይ አውጪኝ ያልኩሽ እኔው ነኝ» አለ በዝግታ። «ተይው፣ የኔነሽ።»

ዝርዝሩን አተመች። ማሽኑ እስኪጨርስ ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይጸልይ ነበር።

በሆሳዕና ማግስት ሄደ። ለአንድ ዓመት ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ቀረ።

«የበዛብህን ካርድ አውጥተሽ ጣይው፣ ልጄ» አሏት አለቃዋ፣ ጋሽ ጉግሳ።

«እሺ ጋሼ።»

ባለዜሮውን ጣለች። ከመሳቢያዋ ባለእዝባሩን አውጥታ የካርዶቹ ሳጥን ውስጥ በቦታው አስገባች። በየወሩ ማሽኑ እዚያች ጭረት ላይ ሲደርስ ይዘላል፤ ዝርዝሩ ላይ በዛብህ የለም። ሳጥኑ ውስጥ ግን፣ ከዓብዲ ፊት፣ አለ።